ቴሌቪዥን በረሃብ አድማ ብቻ አይገኝም፤ የዌልሶችን ታሪክ ሙሉውን እንስማው

ወገን፣ እስቲ ዛሬ ትንሽ ራቅ ብለን እንሂድ። ወደ ዌልስ። ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች፣ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት። ኳስ የምታዩ ጋሬዝ ቤልን ታውቃላችሁ፣ ራያን ጊግስን ታውቃላችሁ። በቃ የእነሱ አገር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዌልሶች ከእንግሊዝኛ በጣም የተለየ የራሳቸው ጥንታዊ ቋንቋ አላቸው። በዚያ ቋንቋ የሚያስተላልፍ የራሳቸው ቴሌቪዥንም አላቸው፤ ኤስ ፎር ሲ ይባላል፣ ሲተነተን «ቻናል አራት ዌልስ» ማለት ነው። ይህ ጣቢያ እንዴት ተገኘ ብላችሁ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ጣቢያው ካልተሰጠን እህል አልቀምስም፣ እሞታለሁ አሉ፣ ታቸር ደነገጠች፣ ሰጠች። አለቀ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ግን ግማሽ ነው። ለእኛ ለወጣቶች ደግሞ አሳሳቹ ግማሽ እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጀግና ተነስቶ አንድ ቀን አንድ ነገር ሲያደርግ ሁሉም የሚለወጥ ያስመስላል። እኛም ደግሞ ይሄን እንወዳለን አይደል? አንድ ፎቶ፣ አንድ መፈክር፣ ሼር፣ ሼር፣ ሼር… ከዚያ ጀግናው እስኪጨርስልን ቁጭ ብሎ መጠበቅ።

ሙሉው ታሪክ ግን ከውሃ ነው የሚጀምረው።

የሊቨርፑል ከተማ አስተዳደር ለነዋሪዎቹና ለፋብሪካዎቹ ውሃ ፈለገ። ውሃው ያለው ዌልስ ውስጥ፣ ትረወሪን በሚባል ሸለቆ ነው። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ካፔል ኬሊን የምትባል መንደር አለች፤ ትምህርት ቤቷ፣ ጸሎት ቤቷ፣ ፖስታ ቤቷ፣ ኑሮዋ ሁሉ በዌልሽኛ የሆነ መንደር። በ1957 የለንደን ፓርላማ ግድቡን ፈቀደ። ከዌልስ የተመረጠ አንድም የምክር ቤት አባል ድጋፍ አልሰጠም። አንድም! ሕጉ ግን አለፈ። በ1965 መንደሯ ከነጸሎት ቤቷ ከውሃ በታች ሆነች። የአንድ አገር ተወራካዮች በሙሉ ሳይደግፉት አገራቸው ላይ ሲወሰን ያየ ትውልድ እንዴት እንደሚቆጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

መንደሯ ገና ሳትሰጥም፣ በ1962 የካቲት ላይ ሳውንደርስ ሉዊስ የሚባሉ ጸሐፌ ተውኔት በቢቢሲ ሬዲዮ አንድ ንግግር አደረጉ። ርዕሱ «የቋንቋው ዕጣ ፈንታ» ነው። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ዌልሽኛ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሕያው ቋንቋነቱ ያበቃል አሉ። ዝም ብሎ ማስፈራራት አልነበረም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1901 ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዌልሽኛ ተናጋሪ ነበር። በ1961 26 በመቶ ደረሰ። በ1981 19 በመቶ። ንግግሩን የሰሙ ወጣቶች በዚያው ዓመት «የዌልሽ ቋንቋ ማኅበር» የሚባለውን መሠረቱ። እነዚህን ልጆች ያዙልኝ፤ ታሪኩ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ።

ለምን ቴሌቪዥን? ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመንገድ ምልክቱ እያለ? ለእነሱም ትግላቸው ነበር፤ የእንግሊዝኛ የመንገድ ምልክቶችን ቀለም እየቀቡ ስንቱ ታስሯል። ቴሌቪዥን ግን የተለየ ባሕርይ አለው፤ በር ሳያንኳኳ ሳሎን ይገባል። እናትና አባት በዌልሽኛ እያወሩ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ሦስት አራት ሰዓት በእንግሊዝኛ ካርቱን ያያል። ለልጁ እንግሊዝኛ የጨዋታ፣ የቀልድ፣ የኳስ ቋንቋ ሆነ፤ ዌልሽኛ የጸሎትና የአያት። ቋንቋ ከልጅ አፍ የሚወጣው እንዲህ ቀስ ብሎ ነው።

በዌልሽኛ ምንም አልነበረም ማለቴ አይደለም። ቢቢሲና ኤች ቲ ቪ የሚባለው የግል ጣቢያ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይሰጡ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሰው በማያይበት ሰዓት። ይሄ ደግሞ ማንንም አላስደሰተም። ዌልሽኛ ተናጋሪው አነሰኝ ይላል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው የዌልስ ሰው ደግሞ የምወደውን ፕሮግራም ቆረጣችሁብኝ እያለ አንቴናውን ወደ እንግሊዝ ያዞራል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፤ ልብ በሉልኝ። ለዌልሽኛ የራሱ ቻናል ይሰጠው የሚለውን ሐሳብ ቋንቋው ግድ የማይሰጠውም ሰው መደገፍ ጀመረ፤ የራሱ ቻናል ነጻ ይወጣልታላ! ጥያቄያቸው ለተቃዋሚውም የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ብልጡ ይሄ ይመስለኛል፤ ግን ማንም አይዘፍንለትም።

አንድ ያልተሳካ ሙከራም ነበር። በ1962 የዌልስ ሰዎች ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ለምዕራብና ለሰሜን ዌልስ የንግድ ቴሌቪዥን ከፈቱ። ልባቸው ሙሉ ነበር፤ የማሰራጫ ማማዎቹ ግን ዘገዩ፣ ተመልካች አነሰ፣ ማስታወቂያ ጠፋ። በ1964 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ፤ ጎረቤቱ ጣቢያ ዋጠው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ግብር የምንከፍል ዜጎች ነን፣ የቴሌቪዥን ክፍያም እንከፍላለን፣ ስለዚህ ጣቢያውን የማቆም ግዴታው የመንግሥት ነው ማለት ጀመሩ።

የቴሌቪዥን ክፍያ ያልኩት ለትንንሾቹ ግራ እንዳይሆን፤ ብሪታንያ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በየዓመቱ ይከፍላል፣ ቢቢሲ የሚተዳደረው በዚያ ነው። በእኛም አገር ድሮ ለቴሌቪዥን በየዓመቱ ይከፈል እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። እንግዲህ የቋንቋው ማኅበር ልጆች በ1970ዎቹ ይሄን ክፍያ አንከፍልም አሉ። ተከሰሱ፣ ተቀጡ፣ ቅጣቱንም አንከፍልም ብለው ታሰሩ። ማማ ላይ ወጡ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። አንድ ዓመት ሁለት ዓመት እንዳይመስላችሁ፤ አሥር ዓመት ገደማ ነው! በ1974 መንግሥት ያቋቋመው የክሮፎርድ ኮሚቴ አራተኛው ቻናል ዌልስ ውስጥ ለዌልሽኛ ይዋል ብሎ ሪፖርት አቀረበ። በ1979 ምርጫ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች፣ የታቸር ወግ አጥባቂዎችም ሌበርም፣ ይህንኑ ቃል ገቡ።

ታቸር አሸነፈች። መስከረም ላይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ዊልያም ዋይትሎ ቃሉን አጠፈው። የተለየ ቻናል የለም፤ የዌልሽኛ ፕሮግራም በሁለት ጣቢያ ተከፋፍሎ ይቀጥላል ተባለ።

ያቺን ጊዜ አስቡ። በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን ዌልስ የራሷ ምክር ቤት ይኑራት ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 80 በመቶው አይሆንም ብሏል። የገዛ ሕዝባቸው ነው እንቢ ያላቸው። የብሔርተኛው ፓርቲ የፕላይድ ከምሪ መሪ ግዊንቮር ኤቫንስም በግንቦቱ ምርጫ የፓርላማ ወንበራቸውን አጥተዋል። ማንም ሰው አለቀላቸው የሚልበት ሰዓት ነው።

ጥቅምት ላይ ግን ሦስት ሰዎች ፔንካሬግ በሚባል ቦታ ያለ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ሰብረው ገብተው አጠፉት። ጎረምሶች መስለዋችሁ ይሆናል። አንዱ ፔናር ዴቪስ፣ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ኃላፊ የነበሩ ገጣሚ። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ኔድ ቶማስ። ሦስተኛው መረዲዝ ኤቫንስ፣ ቀደም ሲል የቢቢሲ ዌልስ የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ የነበሩ! ራሳቸው ፕሮግራም ሲያሰራጩ የኖሩ ሰው ማሰራጫውን ሄደው አጠፉ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ የሚያጡት ነገር አላቸው፣ ከሠሩት በኋላም አልሸሹም። ልጆቹ አሥር ዓመት ሲታሰሩ ያላመነ ሽማግሌ ሁሉ ያኔ ቀና ብሎ አየ።

እንግዲህ ግዊንቮር ኤቫንስ የሚመጡት እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ቲማቲም አምራች ነበሩ። በልጅነታቸው ያደጉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዌልሽኛን በኋላ ተምረው ነው የራሳቸው ያደረጉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ አልይዝም ያሉ የሰላም ሰው ናቸው። በ1966 ከፓርቲያቸው የመጀመሪያው የለንደን ፓርላማ አባል ሆነዋል። በግንቦት 1980 አንድ ነገር አሳወቁ፤ መንግሥት ቃሉን ካላከበረ ከጥቅምት 6 ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ ምግብ አልቀምስም። ዕድሜያቸው ወደ 68።

ቀኑን አያችሁት? አምስት ወር አስቀድመው ነው የተናገሩት። ነገ እጀምራለሁ አላሉም። በአምስቱ ወር አገሩን ከዳር ዳር እየዞሩ ሰበሰባ አደረጉ፤ አዳራሽ ሞላ። ሁለት ሺህ ያህል ሰው የቴሌቪዥን ክፍያ አልከፍልም፣ እስር ቤትም እገባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። መስከረም ላይ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለንደን ሄደው ዋይትሎን አነጋገሩ፤ የዌልስ ሊቀ ጳጳስ፣ የሌበሩ ሎርድ ክሌድዊን፣ እና ሰር ጎሮንዊ ዳንኤል። አንዳቸውም የግዊንቮር ፓርቲ ሰው አይደሉም። መስከረም 17 ቀን 1980 መንግሥት ተመለሰ፤ ቻናሉ ይሰጣል አለ። ታቸር እኔ ወደ ኋላ አልዞርም የሚለውን ዝነኛ ንግግሯን ያደረገችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጥቅምት 10። ወር እንኳን አልሞላም። ዌልሶች እስካሁን ይስቁበታል።

አሁን ጥያቄውን እንጠይቅ። ምን አሸነፈ? አድማው ነው እንዳትሉኝ፤ አድማው አንድ ቀን እንኳን አልተጀመረም! መንግሥትን የረታው ከአድማው ጀርባ የተከመረው ነው። የኮሚቴ ሪፖርት አለ፣ የተጻፈ የምርጫ ቃል አለ፣ አሥር ዓመት የታሰሩ ልጆች አሉ፣ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ የተቃዋሚ ፓርቲ ሎርድ አለ፣ ቻናሌን ልቀቁልኝ የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ አለ። ግዊንቮር አዲስ ነገር አልጠየቁም፤ የሰጣችሁትን ቃል አክብሩ ነው ያሉት። ሽማግሌው የመጨረሻውን ጠብታ ጨመሩ እንጂ ጋኑን ብቻቸውን አልሞሉም። ይሄን ሁሉ ሳያዘጋጅ በረሃብ ልሙት የሚል ወጣት ካለ እኔ በበኩሌ እለምነዋለሁ፣ ወንድሜ ምሳህን ብላ።

ትግሉ ከማግኘት በኋላ ነው የከበደው። ኅዳር 1 ቀን 1982 ኤስ ፎር ሲ አየር ላይ ዋለ፣ የብሪታንያው ቻናል አራት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው። በሳምንት 22 ሰዓት በዌልሽኛ መሙላት አለባቸው። ለ22 ሰዓት መፈክር ማሳየት አይቻልም! ማን ያየዋል?

የጣቢያው የመጀመሪያ ኃላፊ ኦወን ኤድዋርድስ ይባላሉ። የእኚህ ሰው ቤተሰብ ራሱ ትምህርት ነው። አያታቸው በ1892 የዌልሽኛ የልጆች መጽሔት አቋቋሙ። አባታቸው በ1922 በዚያው መጽሔት ላይ ጥሪ አድርገው ኡርድ የሚባለውን የወጣቶች ንቅናቄ መሠረቱ፤ ካምፕ፣ ስፖርት፣ ዘፈን፣ ሁሉም በዌልሽኛ። እኚሁ አባት በ1935 በዌልሽኛ የመጀመሪያውን ድምፅ ያለው ፊልም ሠሩ። ልጅየው ቴሌቪዥኑን ተረከቡ። ሦስት ትውልድ፣ መጽሔት፣ ንቅናቄ፣ ፊልም፣ ቴሌቪዥን። ሦስቱም የጀመሩት ከልጆች ነው።

ስለዚህ ኤስ ፎር ሲ መጀመሪያ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ሱፐርቴድ የሚባል የድብ ካርቱን መሆኑ አያስገርምም። ካርዲፍ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን ዞረ፣ አሜሪካ በዲዝኒ ቻናል ለመታየትም ከብሪታንያ በኩል የመጀመሪያው ካርቱን ሆነ። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ልጆቻችሁ ፋየርማን ሳምን ያውቁታል፤ እሳት አጥፊው ሳም። እሱም በዌልሽኛ ኤስ ፎር ሲ ያሠራው ነው። አዋቂው ደግሞ «የሸለቆው ሰዎች» የሚለውን ተከታታይ ድራማ ያያል፤ በ1974 ቢቢሲ ላይ የጀመረ፣ ወደ አዲሱ ጣቢያ የተዛወረ፣ እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ስጎሪዮ የሚባል የኳስ ፕሮግራም የስፔንንና የጣሊያንን ሊግ በዌልሽኛ ያሳይ ነበር፤ ቋንቋውን የማያውቀውም ለጎሉ ሲል ይከፍተዋል። በ1992 «ሄድ ዊን» የተባለው ፊልም ወጣ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለሞተ ገጣሚ እረኛ ነው። ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የዌልሽኛ ፊልም ሆነ።

ደግሞ ጣቢያው ሁሉንም ራሱ አይሠራም። ቢቢሲ የተወሰነ ሰዓት በነጻ ይሰጠዋል፤ ሌላውን ከግል አዘጋጆች ይገዛል። በዚህ ምክንያት ካርናርቮን በምትባል ትንሽ የሰሜን ከተማ ሳይቀር ካሜራማን፣ ኤዲተር፣ ደራሲ በቋንቋው እንጀራ መብላት ጀመረ። በቋንቋህ ደሞዝ ሲከፈልህ ለልጅህ ማስተማርህን አትተውም። ከመቶ ሰልፍ ይሄ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የምትቃወሙኝ ካላችሁ እንከራከር።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። መጀመሪያ ከንግድ ጣቢያዎቹ እየተወሰደ፣ በኋላ በ1990ዎቹ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በሕግ በተወሰነ ቀመር እየተሰጠ፣ በ2010 ዓመታዊ በጀቱ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። እስከዚያ ኤስ ፎር ሲ በቀረው ሰዓት የቻናል አራትን የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ያሳይ ነበርና ተመልካች በዚያ ጥላ ሥር ይመጣለት ነበር። ዲጂታል ሲገባ ቻናል አራት ራሱን ችሎ ዌልስ ገባ፤ ኤስ ፎር ሲ ብቻውን ቀረ። ጋዜጦች ወዲያው ቁጥር ይዘው ወጡ፤ በሦስት ሳምንት ከታዩት 890 ፕሮግራሞች 196ቱ በመለኪያው መሠረት አንድም ተመልካች የላቸውም። ዜሮ! አብዛኞቹ የቀን የሕፃናት ፕሮግራሞች ነበሩ፤ መለኪያው ደግሞ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅን አይቆጥርም። ይሄ ማብራሪያ እውነት ነው፤ ግን ማን ይስማ። ዜሮ የሚለው ቃል አገር አዳረሰ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለንደን ወሰነች። በጀቱ በአራት ዓመት ውስጥ በሩብ ያህል ይቀነሳል፣ ከ2013 ጀምሮም አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው ከቢቢሲው ክፍያ ይሆናል። የቋንቋው ማኅበር እንደገና ክፍያ አንከፍልም ብሎ ዘመቻ ጀመረ፤ በ1970ዎቹ የታሰሩት አባቶች፣ አሁን ደግሞ ልጆቻቸው። ውሳኔው ግን ጸና። ከ2022 ወዲህ የሕዝብ ገንዘቡ በሙሉ ከዚያ ክፍያ ነው።

ቋንቋውስ? በ2021 ቆጠራ ዌልሽኛ እችላለሁ ያለው 538 ሺህ ገደማ፣ 17.8 በመቶ ነው። በ1981 508 ሺህ ነበር። በቁጥር ትንሽ ጨምሯል፣ በመቶኛ ቀንሷል። ሳውንደርስ ሉዊስ የፈሩት ሞት አልመጣም፤ ቴሌቪዥኑ ብቻውን አዳነው የሚል ግን ይዋሻል፤ የዌልሽኛ ትምህርት ቤቶቹም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቁልቁለቱን ግን አዝግሞታል።

ዌልስ በ1997 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ፣ በ50.3 በመቶ፣ በጭንቅ፣ የራሷን ምክር ቤት አገኘች። ካርዲፍ ያለው ምክር ቤት ዛሬ ስለ ትምህርትና ስለ ጤና ይወስናል። ስለ ቴሌቪዥን ግን አይወስንም፤ ያ ሥልጣን አሁንም ለንደን ነው። የቢቢሲ ቻርተር በ2027 መጨረሻ ያበቃል፤ የቴሌቪዥን ክፍያው ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ለንደን ውስጥ ተጀምሯል። የኤስ ፎር ሲ በጀትም አብሮ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የቋንቋው ማኅበር ልጆች ደግሞ ሥልጣኑ ወደ ካርዲፍ ይምጣ ይላሉ።